ለአሮጌ ጀልባ ሁለተኛ ዕድሜ

ቆሞ የከረመ የመዝናኛ ሞተር ጀልባ አድሶ ጣና ላይ ማንሳፈፍ አዲስ ከማስመጣት የሚረክሰው የጀልባው አካል ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ሞተር ይቀየራል፤ ወንበርና ጣሪያ እዚያው ባሕር ዳር ይሠራል። የበሰበሰ አካል ግን የገባበትን ገንዘብ ሁሉ ይበላል።

ምርመራው የሚጀምረው ጀልባው ወደ የብስ ተስቦ በድጋፍ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ፋይበርግላስ ከሆነ ሆዱ በእንጨት መዶሻ ቀስ እየተባለ ይመታል። ጥርት ያለ ድምፅ ደህንነቱን ያሳያል፤ የታፈነ ድምፅ ውሃ መስረጉን ወይም ንብርብሩ መላቀቁን ይጠቁማል። ከሁሉ በላይ የሚያጠራጥረው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው፤ በብዙ አሮጌ ጀልባዎች በውስጡ ያለው እንጨት ከውጭ ሳይታይ ይበሰብሳል። ብረት ከሆነ ደግሞ ዝገቱ ተፍቆ የቀረው ውፍረት ይለካል። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ብረትን እንደ ባሕር ውሃ ቶሎ አይበላም።

ቀጥሎ ሞተሩ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። ለባሕር ዳርቻ አገር የተቃኘ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። መፍትሔው ካርቡሬተሩን እንደገና መቃኘትና በአንድ ዙር አነስ ያለ ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር መግጠም ነው። የጀልባው ዓይነት ብርቅ ሲሆን መለዋወጫ ስለማይገኝ መሃል ላይ የተቀመጠውን ሞተር አውጥቶ ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ማሰር ይመረጣል። ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄድና አፍንጫው ይነሳል፤ ባትሪውና የነዳጅ ታንኩ ወደ ፊት ሲዛወሩ ሚዛኑ ይመለሳል። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል አሮጌ ባለሁለት ምት ሞተር ግን ያልተቃጠለ ዘይት ውሃው ላይ ስለሚተው ባይመለስ ይሻላል። ጣና ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ሐይቁ የራሱ ጠባይ አለው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። በ1995 ዓ.ም ውሃው ሲቀንስ ትልልቆቹ መርከቦች ለወራት ቆመዋል። ስለዚህ ሆዱ ውሃ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚሄድ ጀልባ ለዚህ ዳርቻ አይመችም፤ ሆዱ ጠፍጠፍ ያለው ይመረጣል። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ የታየው እምቦጭ የተባለው አረምም በፕሮፔለሩ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ይደፍናል። መሳቢያው ላይ በእጅ የሚጸዳ ወንፊት መኖር አለበት፤ ዘዋሪውም አረሙን ለመቁረጥ ቢላዋ አይለየው።

የዕረፍት ጉዞ የሚያምረው በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እየበረታ ማዕበል ያነሳል። ጣሪያው ከፍ ካለ ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ይሠራ። ለእንዲህ ያለ ጀልባ ለባሕር ዳር ቅርብ የሆኑት ደብረ ማርያም፣ የዐባይ መውጫና ዘጌ ይበቁታል፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ሩቅ ስለሆኑ ጠንካራ ሞተርና በቂ ነዳጅ ይጠይቃሉ። ዐባይ መውጫ ላይ ጉማሬ ስላለ በዝግታና ራቅ ብሎ ማለፍ ግድ ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ የጭነቱ ነው። ጣሪያ፣ ወንበርና አዲስ ሞተር የጨመሩት ክብደት ከመጀመሪያው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል እንጂ አይረሳም። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ለሕፃናትም በልካቸው፣ የሕይወት አድን ጃኬት ይኑር። ለአሥር ሰው የተሠራ ጀልባ ቀለም ተቀብቶ አሥራ አምስት ከጫነ ታደሰ አይባልም፤ ተሳፋሪም እንዲህ ያለውን ሲያይ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።