ክኒኑና ጾሙ

በጅዳ እየሠራችሁ ለእናቶቻችሁ የደም ብዛት መድኃኒት መግዣ የምትልኩ ብዙ ናችሁ። እናት ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ክኒኑን ታስቀምጠዋለች። 55 ቀን! «ልጄ በላቧ ያመጣችው ነው» ብላ የአንድ ቀኑን ለሁለት ቀን የምትከፍልም አለች። ብትጠይቋት «ደኅና ነኝ፣ አያመኝም» ትላለች።

የሚያታልለውም ይኸው ነው። ደም ብዛት ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ይኖራል። ክኒኑ ግፊቱን ይይዘዋል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም፤ ሲቋረጥ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ አንጎል ውስጥ ደም እስከ ማፍሰስም ይደርሳል።

ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ ጾምን አታከብድም፤ የንስሐ አባቷን ታማክር። ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ክኒኑንም ትዋጥ። መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ በምዕራፍ 38 አስተምሮናል።

እናንተም ከጅዳ ፋርማሲ «ይኼ ይሻላል» ብላችሁ በግምት አትላኩ። አምሎዲፒንና ኤናላፕሪል አንድ አይደሉም። አንዱ መድኃኒትም በተለያየ የንግድ ስም ስለሚሸጥ ሳታውቅ እጥፍ ልትውጥ ትችላለች። የካርቶኑን ፎቶ አስልካችሁ ሐኪሟን አስጠይቁ። ስትደውሉም «ገንዘቡ ደረሰሽ?» ካላችሁ በኋላ «እማዬ፣ የዛሬውን ዋጥሽ?» በሏት።