ፎቶሽ ምን ብሎ ይናገራል?

ዛሬ የማወራሽ ስለ ስልካችን ነው። ስልኩን ልወቅስ አይደለም። ስልክ ባይኖር ስንቶቻችን በናፍቆት እናብድ ነበር! ቀኑን ሙሉ ስንሮጥ ውለን፣ ማታ በራችንን ዘግተን በኢሞ የእናታችንን ፊት ስናይ ድካሙ የት እንደሚገባ አንቺም ታውቂዋለሽ። የምወቅሰው ራሴን ነው፤ ከፈቀድሽልኝ ትንሽ አንቺንም።

ኩዌት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ማታ ቤተሰቡ ወደ ባሕር ዳር ሻሌ ሄደና እኔ ቤት እንድጠብቅ ቀረሁ። ታጠብኩ፣ ፀጉሬን ተኮስኩ፣ ለኢድ የተሰጠኝን ቀሚስ ለበስኩ፣ ከንፈሬን ቀባሁና የማዳም ሶፋ ላይ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ። ስልኩ ፊቴን አቀላው፣ ቆዳዬን አለሰለሰው፣ ከዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረት አጠፋው። ሳየው ደስ አለኝ፤ ወዲያው ላክሁት። ስልኩ ያጠፋው ጥቁረት ግን የዚያ ሳምንት እንቅልፍ ማጣቴ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ወንድሜ ባጃጅ ግዢልኝ አለ። ጎረቤት እናቴን "ልጅሽ አለፈላት" አለቻት አሉ። ይህስ ምንም አይደል። ያኔ አሥረኛ ክፍል የነበረችው ታናሽ እህቴ "እኔም እሄዳለሁ" ብላ ትምህርቷን ተወች።

ደወልኩላት። "ተይ የኔ እህት፣ ሥራው ከባድ ነው፤ ቁርስና ምሳ አንድ ላይ የምበላበት ቀን አለ" አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? "አንቺ ደልቶሽ እኔን ትከለክያለሽ?" ደላላ አገኘች፣ ቤተሰብ ተበደረ፣ ወጣች። አሁን በሌላ ዓረብ አገር ናት። በገባች በሦስተኛው ወር ሌሊት ደውላ እያለቀሰች "ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ።

"ነግሬሽ ነበር እኮ።"

"በአፍሽ ነግረሽኛል፤ ፎቶሽ ግን ሌላ ነበር የሚለው።"

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ለምን እንደምናደርገው አውቃለሁ። እናት እንዳትጨነቅ፣ ግፊቷ እንዳይነሳ ብለን ነው። ደግሞም እኛም ሰው ነን። ሳምንቱን በሽርጥና በተጠቀለለ ፀጉር የምታሳልፍ ሴት አንድ ቀን አምራ መታየት ብትፈልግ ምኑ ነው ነውሩ? ማጌጥሽን ተይ አልልሽም። በእረፍት ቀንሽ ከጓደኞችሽ ጋር ሳልሚያ ባሕር ዳር የተነሳሽው ፎቶ የራስሽ ነው፤ ላኪው። ስልኩ የሰጠሽን ቀይ ፊት በእውን አገኛለሁ ብለሽ ግን ክሬም ፍለጋ እንዳትሄጂ። ምን እንዳለበት ሳይታወቅ ከሚሸጠው ማቅያ ውስጥ ሜርኩሪ ያለበት አለ፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል።

ችግሩ ፎቶው ብቻውን መሄዱ ነው። ቃላችን አብሮት አይሄድም። እስቲ አነጋገራችንን ልብ በይው። "ኢቃማዬ ሊያልቅ ነው"፣ "ኢጃዛ የለኝም"፣ "ከፊሌ አይለቀኝም" እንላለን። እዚህ ላለነው እያንዳንዷ ቃል ስንት ነገር ይዛለች! እናቴ ግን ኢቃማ ምን እንደሆነ አታውቅም። ማስረዳቱ ይደክመኝና "ደህና ነኝ፣ አታስቢ" ብዬ እዘጋለሁ። ቃሉ ካልገባቸው በእጃቸው የሚቀረው ያ የሶፋው ፎቶ ነው።

ስለዚህ በአማርኛ ንገሪያቸው። "ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ከአሠሪዬ ጋር የተያያዘ ነው፤ ካልታደሰ ሕገወጥ እባላለሁ" በይ። "ኢጃዛ ማለት እረፍት ነው፤ እኔ የማገኘው በወር ይህን ያህል ቀን ነው" በይ። ሕጉንም ንገሪያቸው። እዚህ ኩዌት በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት እንዲኖር፣ ፓስፖርትም ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ አሠሪ እጅ እንዳይቀመጥ ይላል። ከዚያ "በኔ ቤት ግን እንዲህ ነው" ብለሽ ያለውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ። ጥሩ ቤት ከገጠመሽም እሱን ንገሪ፤ እውነት ሁልጊዜ ለቅሶ አይደለም።

ፊትሽን ብቻ ሳይሆን እጅሽንም አንሺ። በረኪና የላጠው መዳፍ ብዙ ይናገራል። የምትተኚበትን ክፍል አሳዪ። የአሠሪዎችሽን ፊትና ልጆቻቸውን ግን አታንሺ፤ ያለ ፈቃድ ሰውን መቅረጽ እዚህ በሕግ ያስጠይቃል።

መምጣቱ ላይ የቆረጠች እህት ካለችሽ ደግሞ "አትምጪ" ማለት ብቻ አይበቃም። እኔ ያልኩት ያንን ብቻ ነበርና ከደላላ እጅ አላዳናትም። ዓዋጁን ንገሪያት። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዓዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛ ክፍያን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያን፣ ኢንሹራንስንም በአሠሪው ላይ ጥሏል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ "የቪዛና የትኬት አምጪ" ካላት፣ ያ ሰው የሚወስዳት በሕጉ መንገድ አይደለም። እህቴ ይህን አንድ ነገር አውቃ ቢሆን ቤተሰቤ ያን ዕዳ ባልተሸከመ ነበር። ዕዳውን ዛሬም ሁለታችን እየከፈልን ነው።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይላሉ አባቶች። ልክ ነው፤ ግን እያደር እስኪጠራ አንዲት ልጅ ትምህርቷን ጥላ አውሮፕላን ትሳፈራለች። ስለዚህ አታሳድሪው። ዛሬ ማታ ስትደውዪ ፎቶውን ላኪ፤ ቀጥለሽ ደግሞ የቀንሽን ውሎ ከንጋት እስከ መኝታ በድምፅ ቀድተሽ ላኪላቸው። ምናልባት እናትሽ ታለቅስ ይሆናል። ታናሽሽ ግን የምትወስነው አውቃ ይሆናል።

ቸር ሰንብቺልኝ።