አያትን ያለ ቀጠሮ መጠየቅ

በከተማችን የሚኖሩ ብዙ ሠራተኛ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው አያት ለመጠየቅ የሚነሡት በዓል ሲደርስ ነው። ምክንያት አላቸው፤ በሥራ ቀን ጊዜ የለም፣ እሁድ ደግሞ ልብስ ማጠቢያና የሳምንቱ ወጥ መሥሪያ ነው። ይሁን እንጂ በበዓል ሰሞን መናኸሪያው መጨናነቁ ብቻ አይደለም ችግሩ። እንግዳ እንደሚመጣባቸው አስቀድመው ያወቁ አያት የሚያሳዩን እውነተኛ ኑሮአቸውን ሳይሆን ለእኛ ያሰናዱትን ነው። ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዶሮውም ምናልባት በብድር ተገዝቶ ይጠብቀናል። በልተንና ተመርቀን እንመለሳለን፤ በማግስቱ ወገባቸውን አሟቸው መዋላቸውን የሚነግረን የለም።

ይህን ለማንሣት ያበቃኝ ባለፈው ግንቦት በአንዱ እሁድ ያለ ምንም ዕቅድ ወደ ሞጆ ሄደን አማቴን መጠየቃችን ነው። ነገሩን የጀመረው የ6 ዓመቱ ልጃችን ነበር። ቁርስ ላይ «አያቴ ብቻዋን ስትበላ ማን ያጎርሳታል?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ ዝም አለ፤ ከዚያም ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

ለምሳ የሠራሁትን ምስር ወጥ በምሳ ዕቃ አድርጌ፣ እንጀራውን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቡናና ስኳር ጨምሬ ወጣን። ሞጆ ከአዲስ አበባ ከ70 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፤ ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ይገኛል። የ9 ዓመቷ ልጄ መኪና ስለሚያስመልሳት ቁርሷን በመጠኑ አብልቼ፣ ስልክ እንዳታይ ከልክዬ፣ መንገዱን ፊት ለፊት እያየች እንድትሄድ አደረግሁ። በደህና ደረሰች።

አማቴን ያገኘናቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ነበር። «ምነው ልጆቼ! ቤቴን እንኳ ሳልጠርግ? አንድ ቃል አትነግሩኝም ነበር?» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። እንዲህ ይበሉ እንጂ ልጆቹን እቅፋቸው ውስጥ ሸጉጠው አልለቀቁም።

ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ፣ ሲኒ ሳወርድ ከመደርደሪያው ላይ የደም ግፊት ኪኒናቸውን አየሁ። በየቀኑ አንድ የሚዋጥ ነው፤ ከተገዛበት ቀን አንሥቼ ብቆጥረው ግን ግማሹ አልተነካም። ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንዲበረክትልኝ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው። ራሴን ካላመመኝ ምን ያደርግልኛል? ደግሞ ለልጄ እንዳትነግሪብኝ» አሉኝ። የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ አልቋል ባላቸው ጊዜ ከግል መድኃኒት ቤት መግዛቱ ከብዷቸው ኖሯል። በስልክ ግን ሁልጊዜ የሚሉት «እኔ ደህና ነኝ» ነው። እኔ አልተናገርኩባቸውም፤ ራሳቸው እንዲነግሩት ለመንኳቸው፣ ከሁለተኛው ቡና በኋላም ነገሩት።

የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ የሚቆይ በሽታ ነው። ራስ አልታመመም ማለት ግፊቱ ወርዷል ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ሕመሙ ሳይሰማ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ የአንጎል ደም ሥርን ሲጎዳ ደግሞ ሽባነትን ያስከትላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጉብኝት ላይ ኪኒኑን መቁጠር፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑም የዓመቱ መዋጮ መታደሱን መጠየቅ ይገባል። ድስት እየከፈቱ መፈተሽ ግን ነውር ነው፤ በተለይ ለምራት!

ከሰዓት በኋላ ልጄ የአያቷ ቀሚስ ጫፉ ተተርትሮ ብታይ ለምን እንዳልሰፉት ጠየቀቻቸው። ለካ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷቸው ኖሯል። እሷም አምስት መርፌ ላይ ክር አስገብታ ትራሳቸው ላይ ሰካችላቸው። ዓይናቸው እንዲህ እየደከመ መሄዱን በበዓል ቀን ማን ያስተውለዋል? በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነው፤ እሱም በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። ቀጠሮ ይዘንላቸዋል።

ትንሹ ልጅ በበኩሉ ሲያጫውቱት ዋለ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር በሞጆ ሲያልፍ፣ አማቴ በልጅነታቸው ለተሳፋሪ የተቀቀለ እንቁላል በመስኮት ይሸጡ ነበር። ባቡሩ ገንዘባቸውን ሳይከፈላቸው ይዞባቸው እንደሄደ ሲነግሩት ልጁ በጣም ተናደደ፤ ስንት ብር እንደሆነም ጠየቀ። እኔም ይህን ታሪክ የሰማሁት ገና ያን ዕለት ነው፤ በበዓል ቀን ከጓዳ ስለማይወጡ የሚያወሩበት ጊዜ አልነበራቸውም።

እርግጥ አያታቸው ሩቅ አገር ለሆኑ፣ መንገዱም ሰላም ላልሆነላቸው ቤተሰቦች እንዲህ ተነሥቶ መሄድ አይቻልም። እነዚህ ለጎረቤት ደውሎ «ምን በልተው ዋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይችላሉ። ቅርብ ያላችሁ ግን ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የእሁድ ማታ ሰልፍ ከልጆች ጋር አስቸጋሪ ስለሆነም ከ10 ሰዓት በፊት መመለስ ይሻላል።

አሁን መድኃኒቱን ባለቤቴ ደመወዝ እንደተቀበለ ገዝቶ ይልካል። ልጄም ማታ ማታ በ2 ሰዓት ትደውልላቸዋለች። «ደህና ነኝ» ሲሏት «እሱን አይደለም አያቴ፣ ኪኒኑን ዋጥሽ ወይ?» ትላቸዋለች።