ስም የሌለው ፈረስና የሦስት ነጥብ ዕዳ



ዛሬ ስለ አሮጌ የፈረንጅ ዘፈን ነው የምጽፈው። አትሳቁ፣ ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «አሜሪካ» የሚባለው ባንድ የተጫወተውን «ስም የሌለው ፈረስ» አሰማሁና «ትርጉሙን ጻፉ» አልኩ። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ውስጥ የሰንጠረዡ አናት ላይ የወጣ ዘፈን ነው። ግጥሙ ግን ግራ ያጋባል። ሰውየው በረሃ ለበረሃ ይጓዛል፣ ያየውን ሁሉ እንደ አስቤዛ ዝርዝር ይቆጥራል፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ፈረሱን ይለቀዋል። በቃ! ፈረሱ ለምን ስም እንደሌለው የሚነግረን የለም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ይብሳል። እኛ አገር ጀግናው ራሱ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ፈረሱ ስም ከሌለው ባለቤቱስ ማን ሊባል ነው?

እኔ ግን መልሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ፈረስ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የአራዳ ቋንቋ ሄሮይን ማለት ነው። ስለዚህ «ሰሙ ፈረስ፣ ወርቁ አደንዛዥ ዕፅ» ብዬ በሙሉ ልብ አስተማርኩ። አንዲት ተማሪ ግን «ሰውየው የሚያውቀው በረሃ ናፍቆት ነው» ብላ ጻፈች። ከአምስት ሁለት ሰጠኋት።

በኋላ ሳነብ አፈርኩ። ጥርጣሬው የእኔ ብቻ አልነበረም፤ አንዳንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎችም በዚሁ ምክንያት ዘፈኑን አናጫውትም ብለው ነበር። ደራሲው ዲዊ በኔል ግን የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረባ ልጅ ነው። በልጅነቱ ያየውን ደረቅና ሞቃት ምድር፣ ዝናባማ እንግሊዝ ውስጥ ተቀምጦ እያሰበ ነው የጻፈው። የመጀመሪያ ርዕሱም «የበረሃ ዘፈን» ነበር። ልጅቷ ልክ ነበረች።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን እዩ። አባቴ የቦኒ ኤም ካሴት ነበረው። «የባቢሎን ወንዞች» ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ይጨፍራል። ቃሉ ግን የለቅሶ ነው፤ በምርኮ ያሉ ሰዎች ጽዮንን እያሰቡ የሚያለቅሱበት፣ በእኛ ዳዊት መዝሙር 136 ላይ ያለው። በለቅሶ መጨፈራችን አንድ ነገር ሆኖ፣ ከሥሩ ሌላም ነገር ነበረበት። ዘፈኑን ቀድመው እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት ሜሎዲያንስ የሚባሉ ጃማይካውያን ናቸው። መዝሙሩ የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምር ብሎ ሲጠይቅ፣ እነሱ በእግዚአብሔር ቦታ «ኪንግ አልፋ» አስገቡ። ለራስታዎች ኪንግ አልፋ ማለት ጃንሆይ ናቸው፣ የኛው አባ ጠቅል! ቦኒ ኤም ይህችን ቃል አውጥቶ ወደ መዝሙሩ ቃል መለሳትና በ1978 ዓለምን አስጨፈረ። ያኔ ጃንሆይ ከዙፋን ከወረዱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እኛም ንጉሣችን የወጡበትን ዘፈን ሳናውቅ ጨፈርንበት።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ሁሉም ግጥም ወርቅ የቀበረ ይመስለናል። ይህ በራሱ ጸጋ ነው። ችግሩ ወርቅ በሌለበት እየቆፈርን ባለበት ላይ መጨፈራችን ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፦ ማን ጻፈው? የት ሆኖ? ምን አይቶ? ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ ይህን ሳልጠይቅ መልስ ይዤ ክፍል ገባሁ። ልጅቷ ግን ግጥሙን ብቻ ሰምታ የሰውየውን ልብ አገኘችው። እኛ መምህራን «አላውቅም፣ እስቲ አብረን እንፈልግ» ማለት ሞት ይመስለናል። እውነቱን ለመናገር፣ የሚሞተው የተማሪው ድፍረት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ልጅ እጅ ስታወጣ ትዝ አይለኝም።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሦስት ነጥብ አለብኝ። ሰርተፊኬትሽ ላይ ላስተካክለው አልችልም፤ ለዚህ ነው እዚህ፣ ሰው ሁሉ ባለበት የጻፍኩት።

እናንተስ? ለዓመታት አንድ ነገር ነው ብላችሁ የሰማችሁት፣ በኋላ ግን ሌላ ሆኖ ያገኛችሁት ዘፈን የትኛው ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ማርክ አልሰጥም። 😊