«ሜዲስን ያልደረሳቸው»

የትምህርት ክፍል ምደባ በተለጠፈ ማግስት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ወሬ አንድ ነው፤ ማን ሜዲስን ደረሰው፣ ማን ቀረ? ስሙን ከዝርዝሩ ያገኘ ተማሪ ገና አንድ አጥንት ሳያጠና ቤተሰቡ «ዶክተር» ይለዋል። እናት ለጎረቤት ታወራለች፣ አጎት ከሩቅ ይደውላል። በዚያው ዕለት ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ላቦራቶሪ ወይም አካባቢ ጤና የደረሳት ጓደኛው ግን ስልኳን አጥፍታ ትተኛለች። «ምን ደረሰሽ?» ሲሏት «ሜዲስን እኮ ለትንሽ ነው ያመለጠኝ» ብላ ነው የምትጀምረው። የደረሳትን ሳይሆን ያልደረሳትን ትናገራለች።

ቅሬታው የአንድ ሳምንት ቢሆን ባልከፋ። ችግሩ፣ ይህ ደረጃ አሰጣጥ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ተነሥቶ ወደ መማሪያ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ዋርድ አብሮ መግባቱ ነው።

የሚገርመው፣ በኢትዮጵያ የጤና ትምህርት በኮሌጅ ደረጃ ሲጀመር ዓላማው ሐኪም ማፍራት አልነበረም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የወባ ወረርሽኝ በጎንደር አቅራቢያ ያለውን የደንቢያን ሜዳ መታና ሺዎችን ጨረሰ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ማዕከል የተከፈተው ከዚያ መዓት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ደግፈውታል። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታያለች፣ ሌላው ምንጩንና መጸዳጃውን ይፈትሻል። ወረርሽኙ ያለፈባት የደንቢያዋ ቆላድባም ከማሰልጠኛ ጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች።

የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚህ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1978 በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሐኪም ማስተማር ጀመረች። ሁለቱም ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ናቸው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠና እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ ሳይመለስ ቆየ። ሐኪሙ ሲመጣ ጤና መኮንኑ ከቤት ወጣ። ዛሬ በምደባ ቀን የሚታየው ፊት መጥቆር ከዚህ ታሪክ ጋር ዝምድና አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቁጥሮቹ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ደርሷል። ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶች ቁጥርም ከ871 ወደ 412 ወርዷል። በእነዚህ ዓመታት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም በአብዛኛው ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ፣ ስፔሻሊስት ባልደረሰባቸው የወረዳ ሆስፒታሎች ምጥ የጠናባትን እናት በኦፕሬሽን ማዋለድ ጀምረዋል። ለውጡ የብዙ ነገር ድምር ቢሆንም፣ «ሜዲስን ያልደረሳቸው» ሰዎች እጅ ጎልቶ ይታይበታል።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን የየሙያውን ተማሪዎች በአብዛኛው የሚያስተምሩት ለየብቻ ነው። በ2004 ዓ.ም. በአዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም 13 ትምህርት ቤቶች በአንዴ ሥራ ሲጀምሩ የሐኪም ተማሪው ቁጥር አደገ። የማስተማሪያ ሆስፒታሉ አልጋና መምህር ግን በዚያው ፍጥነት አልጨመረም። ሐኪሞች በየአልጋው የሚያደርጉትን ጉብኝት፣ ራውንድን፣ የተከተለ ሰው ይህን አይስተውም። አንዲት ታካሚ አልጋ ዙሪያ ነጭ ጋውን የለበሱ ከአሥር በላይ ተማሪዎች ከበዋል። ሴትዮዋ ታሪኳን ለአራተኛ ጊዜ ትናገራለች፤ ሆዷን ለስንተኛው እጅ እንደምትሰጥ መቁጠር ትታለች። ስፔሻሊስቱ ይጠይቃል፣ ገና ዋርድ የገባው የሜዲስን ተማሪ፣ ሲ ዋኑ፣ ይንተባተባል፣ ኢንተርኑ ያግዘዋል። ከኋላ ቆማ ቻርቱን የያዘችው የነርሲንግ ተማሪ ሴትዮዋ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ እንዳስመለሳት ታውቃለች። የሚጠይቃት የለም። እሷም አትናገርም፤ ራውንዱ የእነሱ ነው ብላ አምናለች።

መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ጎንደርና ጅማ ዛሬም «ቲቲፒ» የሚሉት የቡድን ሥልጠና አላቸው። ጅማ፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሳለ፣ መለያው ያደረገው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፤ ቲቲፒም አንዱ ምሰሶው ነው። ከየትምህርት ክፍሉ የተውጣጡ ተመራቂ ተማሪዎች ለሳምንታት ጤና ጣቢያ ወርደው አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ተቅማጥ ይዞት የመጣ ሕፃን ኦአርኤስና ዚንክ ተሰጥቶት ሄዶ፣ ሳይቆይ በዚያው ሕመም ሲመለስ፣ የሜዲስኑ ተማሪ መጽሐፉ እዚህ ላይ ማለቁን ያያል። ያን ጊዜ የአካባቢ ጤናው ተማሪ ጫማውን ያጠልቅና እናቲቱን ተከትሎ ምንጩ ዘንድ ይሄዳል። ከምንጩ በላይ የተቆፈረውን መጸዳጃ የሚያገኘው እሱ ነው።

ቲቲፒን የሚያጣጥሉት ምክንያት አያጡም። ሥርዓተ ትምህርቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ መኪናና አበል ያስፈልጋል፤ ጸጥታው ተማሪ ወደ ገጠር ለመላክ የማያስደፍርባቸው ቦታዎች አሉ። ጥቂት የማይባሉ የሜዲስን ተማሪዎችም ከዲዩቲ ማረፊያ አድርገው ያዩታል። የጸጥታው ነገር እውነት ነው፤ ሕይወት አስይዞ የሚሰጥ ሥልጠና የለም። ግን ቡድን ለመሥራት የግድ ገጠር መውረድ አያስፈልግም፤ በከተማ ጤና ጣቢያም ይቻላል። ማረፊያ የሚሆነውም ተቆጣጣሪ መምህር ሳይመደብለት፣ ውጤቱም ሳይከብድ ሲቀር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና እያንዳንዱን ተማሪ ብቻውን ይለካል። ማንበቡን ይለካል፤ ሌሊቱን ያየችውን ነርስ መጠየቁን ግን አይለካም።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ቲቲፒን እንደ ትርፍ ቆጥረው ከማሳጠር ይልቅ ቋሚ መምህርና ከባድ ውጤት ይስጡት። ራውንድ ላይም ከስፔሻሊስቱ የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ለነርሲንግ ተማሪዋ ይሁን፤ ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ቤተሰብም የድርሻው አለው። በሚቀጥለው ምደባ ልጃችሁ ሚድዋይፈሪ ወይም አካባቢ ጤና ደርሷት ስትደውል፣ «አይዞሽ» አትበሏት። «እንኳን ደስ አለሽ» በሏት።