መስከረም ላይ ውኃ የተኛበት ሜዳ

በፎገራ ሜዳ ትምህርት የሚከፈትበትና ጣና ሐይቅ የሚሞላበት ወር አንድ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ሐምሌና ነሐሴን ደለል ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ሐይቁ ደግሞ የክረምቱን ውኃ ሲያጠራቅም ከርሞ ከፍተኛው ልኩ ላይ የሚደርሰው መስከረም ውስጥ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ አደይ ሲፈነዳ ሜዳው ገና አልደረቀም። ወንዞቹ የሚገቡበት ሐይቅ ሞልቶ ስለሚጠብቃቸው ውኃው መሄጃ አጥቶ ማሳው፣ ግጦሹና የእግር መንገዱ ላይ ይተኛል። የትምህርት ካላንደሩ የመጀመሪያ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ቀን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች በየዓመቱ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ሌሊቱን ስስ በረዶ ያደረ እንደሆነ ትምህርት ቤት ይዘጋ፣ አርፍዶ ይከፈት ወይስ እንደ ወትሮው ይቀጥል የሚል። ለፎገራ ያው ጥያቄ የሚመጣው በውኃ ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ውኃው ባልወረደባቸው ቀበሌዎች ትምህርት በግልጽ፣ በጽሑፍ፣ የመመለሻ ቀኑና የማካካሻው ዕቅድ ታውቆ ይዘግይ። ውኃ ባልደረሰበት ደግሞ አንድ ቀንም አይዘግይ።

ሁለቱን ለይቼ የማነሣው ወረዳው አንድ ዓይነት መሬት ስላልሆነ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የከተማዋ ተማሪ መስከረም ላይ ቢበዛ ጫማው ይጨቀያል። ወደ ሐይቁ ዝቅ ያሉት እነ ናበጋ፣ ዋገጠራና ቅድስት ሐና ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። እዚያ መሬቱ ዋልካ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እግር ይይዛል፣ ከውኃው በታች የት ጋ ጉድጓድ እንዳለ አያስታውቅም። የሰባት ዓመት ልጅ ደብተሩን ይዞ በዚህ መካከል ይሂድ ማለት ለአዋቂ እንኳ የሚከብድ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ወረዳው በሙሉ ይከፈት ቢባል የታችኛው ቀበሌ ልጅ ይበደላል፤ ወረዳው በሙሉ ይዘጋ ቢባል የወረታ ልጅ ያለ ምክንያት ቀኑን ያጣል። ውሳኔው ወደ ትምህርት ቤቱ መውረድ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ያለ ውሳኔ ሲቀር ምን ይፈጠራል? ትምህርት ቤቱ በወረቀት ክፍት ነው። መምህሩ ስም ይጠራል፤ ከፍ ካለው መንደር የመጡት አለን ይላሉ፣ ከውኃው ማዶ ያሉት የሉም። መምህሩ አሁን ሁለት መንገድ አለው፤ ሁለቱም ጎጂ ናቸው። ትምህርቱን ቢጀምር የቀሩት ልጆች ጥቅምት ላይ ሲመለሱ ምዕራፉ አልፏቸዋል፤ በተለይ በሒሳብ፣ የመጀመሪያውን ያልያዘ ሁለተኛው ስለማይገባው፣ ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ይከተላሉ። ልጆቹ እስኪመጡ ቢጠብቅ ደግሞ ጭቃውን አቋርጠው የመጡት ተማሪዎች ባዶ ክፍል ተቀምጠው ይመለሳሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት እነሱም መምጣቱን ይተዉታል። በዚህ መሐል ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ትምህርት መጀመሩን ሪፖርት ያደርጋል። ቀኑ እንደ ተማሩበት ስለሚቆጠር ማካካሻ የሚጠይቅለት የለም። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፤ የጠፋው ቀን መጥፋቱ ስላልታመነ ብቻ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ጆሽዋ ጉድማን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት በአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት በበረዶ ምክንያት የተዘጉ ቀናትንና ልጆች በየግላቸው የቀሩባቸውን ቀናት ለያይቶ መረመረ። ያገኘው ውጤት ብዙ ሰው የሚጠብቀው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ለሁሉም በተዘጋበት ቀን ምክንያት የተማሪዎች የፈተና ውጤት አልቀነሰም፤ ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ ልጆች ሲቀሩ ግን በተለይ የሒሳብ ውጤት ቀነሰ። ምክንያቱን ሲያስረዳ ሁሉም አብሮ ያጣውን ቀን መምህር በአንድ ላይ ማስተካከል ይችላል፤ አንዱ ሰኞ፣ ሌላው ረቡዕ ሲቀር ግን መምህሩ ለየትኛው ልጅ የቱን እንደሚደግም ግራ ይገባዋል ይላል። ማሳቹሴትስና ፎገራ የሚገናኙበት ነገር ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚያ ልጁ በተዘጋ ቀን ቤቱ መጽሐፍ አያጣም፣ የሚዘጋውም ለጥቂት ቀናት ነው። ነገር ግን የክፍል ውስጡ ችግር አንድ ነው። እንዲያውም ስልሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ለሚያስተምር መምህር የተበታተነ መቅረት ይበልጥ ከባድ ነው።

በተቃራኒው የሚቆም ጥናትም አለ፤ ማለፍ አይገባም። ማርኮትና ሄሜልት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በሜሪላንድ ግዛት ላይ ባወጡት ጥናት ያልታቀደ መዘጋት በበዛባቸው ዓመታት በንባብና በሒሳብ መመዘኛውን የሚያልፉ ተማሪዎች ቁጥር መቀነሱን አሳይተዋል፤ ጉዳቱ የበረታውም በታችኛው ክፍል ልጆች ላይ ነበር። በዚያ ግዛት በበረዶ የጠፉት ቀናት የሚካካሱት በዓመቱ መጨረሻ፣ ከፈተናው በኋላ ነበር። ሁለቱን ጥናቶች አብሬ ሳነብ የሚገባኝ፣ መዘጋት ራሱ የሚጎዳው ሳይካካስ ሲቀር ወይም ማካካሻው ከፈተናው በኋላ ሲመጣ መሆኑን ነው። ለፎገራ ይህ ማለት የመስከረም ቀን በሰኔ አይካካስም ማለት ነው፤ የናበጋው የ8ኛ ክፍል ተማሪ ክልላዊ ፈተናውን የሚፈተነው ከወረታ ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ውኃው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ ከዚያ በፊት በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በፊት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘግተዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ በተራበ ትውልድ ላይ ሌላ መዝጊያ ምክንያት መጨመር ጭካኔ ነው የሚል ሰው ቢነሣ ቁጣው ቁጣዬ ነው። ይሁንና ክርክሩ ወደሚፈልገው ቦታ አያደርሰውም። ልጁ ውኃው ባለበት ሳምንት አልተማረም፤ ክፍት ነው ማለታችን ፊደል አላስቆጠረውም። ብዙ ቀን ያጣ ተማሪ የሚያስፈልገው የጠፋው ቀን በትክክል ተቆጥሮ እንዲመለስለት ነው፤ ያልተመዘገበ ቀን ደግሞ የሚመለስበት መንገድ የለም። ተዘግተው የከረሙ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የተፋጠነ ትምህርት እንዲሰጥ የሚጠይቅ ወላጅ፣ ለውኃው ቀንም ያንኑ መጠየቅ አለበት።

ሌላው ተቃውሞ ከመሐንዲስ ይመጣል። ካላንደሩን ከማንቀሳቀስ ድልድዩን ሥሩ፣ የወንዙን ዳር በግንብና በአፈር አጥሩ፣ ትምህርት ቤቱን ከፍ ባለ መሬት ገንቡ ይላል። ልክ ነው፤ ይሠራ። ግን የርብ ግድብ ሲጀመርም ብዙ ሰው ጎርፉ ያበቃለታል ብሎ ነበር። ግድቡ የሚይዘው ከላዩ የመጣውን ውኃ ነው፤ ከግድቡ በታች የሚገቡት ጅረቶች በነፃነት ይወርዳሉ፣ ጉማራ በራሱ መንገድ ይመጣል፣ ሐይቁም ሲሞላ ወደ ሜዳው መግፋቱን አይተውም። የርብ ወለል በደለል ከፍ ስላለ ወንዙ ዳሩን ሰብሮ ለመውጣት ብዙ አይፈልግም። ደግሞም ይህ ውኃ ጠላት ብቻ አይደለም። ፎገራን በሩዝ ያስጠራት፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልን ወደ ወረታ ያመጣው ይኸው የሚተኛ ውኃ ነው። ሜዳውን ፈጽሞ ማድረቅ ማንም የማይመኘው ከሆነ፣ ትምህርቱ ከውኃው ጋር የሚኖርበትን ሥርዓት ማበጀት ግድ ነው። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ልጆችን ከየቤታቸው እየሰበሰቡ የሚያስተምሩ ተንሳፋፊ ትምህርት ቤቶች አሉ። የፎገራ ውኃ ግን በአብዛኛው ለጀልባ ጥልቀት የሌለው፣ ለእግር ደግሞ የማይመች ነው፤ ወራት ሳይሆን ሳምንታት ይቆያል። ለእንዲህ ያለው የሚሻለው ቀኑን ማንቀሳቀስ ነው።

ቀን ማንቀሳቀስ ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ረጅሙ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ መዋሉ ራሱ ለዝናቡና ለእርሻው ቦታ ይሰጣል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በመላ አገሪቱ ለአንድ ሳምንት ዘግቷል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ መግለጫ ሳምንት ማንሣት ከተቻለ፣ ናበጋ ላይ ርእሰ መምህሩና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ውኃው ደጃፋቸው ቆሞ እያዩት አሥር ቀን መወሰን ለምን ይከለከላሉ?

ሥልጣኑ ቢሰጣቸው ይለጠጣል፣ የአሥር ቀኑ ወር ይሆናል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ በእርግጥም ልጁን ለአረም የሚፈልግ ወላጅ፣ ወረታ ተከራይቶ የሚኖር መምህርም መዘግየቱን ሊወዱት ይችላሉ። ስለዚህ መስፈርቱ በስሜት ሳይሆን በሚታይ ነገር ይታሰር። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገቡ ዋና ዋና መሻገሪያዎች ይታወቃሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀለም የተቀባ እንጨት ይተከል፣ ውኃው ከትንሽ ልጅ ጉልበት በላይ ሲሆን የታችኛው ክፍል ይዘግይ፣ ከዚያ ሲወርድ በማግሥቱ ይከፈት። ማታ ደጋ ላይ የዘነበው ጧት ጅረቱን ሞልቶ ረፋድ ላይ በሚጎድልባቸው ቦታዎች ደግሞ መዝጋት ጨርሶ አያስፈልግም፤ ፈረቃውን ወደ ከሰዓት ማዞር ይበቃል። ውሳኔው በአምስት ቀን አንዴ ይታደስ፣ የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር እንጨቱን አይቶ ይፈርምበት። ትምህርት ቤቱ ለተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ከሆነ ደግሞ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በተጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ለቆ እንደነበረ ሁሉ፣ የሚለቀቅበት ቀን ከመጀመሪያው ይጻፍ።

የማካካሻው ነገር ይበልጥ ማሰብ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም በፎገራ ባዶ ወር የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ የሩዝ አጨዳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመጣል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባው አለ። ቅዳሜን በሙሉ መውሰድ ልጁን ከቤተሰቡ ሥራ ስለሚያጋጭ ወዲያው ይከሽፋል። እኔ የምመርጠው ቀስ ብሎ መክፈልን ነው። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ብንቆጥር አሥር ቀን ማለት 60 ክፍለ ጊዜ ነው፤ በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢጨመር በ60 የትምህርት ቀን፣ ማለትም በ12 ሳምንት ይጠናቀቃል። ከጥቅምት አጋማሽ ቢጀመር ከጥር ብዙ ሳይርቅ ያልቃል፣ ከፈተናውም ወራት ይቀድማል። ልጁ በቀን አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ቤቱ ይገባል እንጂ የሥራ ቀን አያጣም። መምህሩም ውኃው ባለበት ጊዜ ደመወዙ ስላልተቋረጠ የሚሰጠው ያንኑ የተከፈለበትን ሰዓት ነው፤ ይህ በግልጽ ከተነገረውና ከተፈረመበት ቅር የሚልበት ምክንያት አይኖርም። ቅድሚያ የሚያገኙት ሒሳብና ንባብ ይሁኑ፤ አርባ ደቂቃው ለጽዳትና ለስብሰባ እንዳይውል የክፍለ ጊዜው መዝገብ ወተመህ ፊት ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ መስከረም ላይ ለመወሰን መሞከር ግን መዘግየት ነው። የክረምቱ ትንበያ በሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገለጸው ዝናቡ ሳይበረታ ነው፤ ወላጅ ደግሞ የልጁን ሰርተፊኬት ለመቀበል ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ይመጣል። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውኃ የሚተኛባቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር፣ የመሻገሪያዎቹን ልክና የማካካሻውን ሰሌዳ በዚያ ቀን ለወላጁ በእጁ ቢሰጠው፣ የናበጋ አባት ልጁን መቼ እንደሚልክ፣ ያልተማረውንም ቀን ከማን እንደሚጠይቅ ከሐምሌ በፊት አውቆ ይገባል።