ትእዛዝም አክብሮት አለው



በወረፋ ላይ ሽበት ያላቸው አባት «ቁም! ተቀመጥ!» ሲባሉ ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ተናጋሪው ምናልባት ክፉ ሰው አይደለም፤ አማርኛ ሲማር «ይቁሙ፣ ይቀመጡ» ማለትን ያስተማረው አልነበረም። እኛስ የሰው ቋንቋ ስንማር ይህንኑ ስሕተት እንድገመው?

ይህን ያነሣሁት ስለ ስፓኝ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው ተምረውበታል። ነገ ወደ አሜሪካ የሚሻገር ተማሪም በሥራ ቦታና በሰፈር ይሰማዋል።

ስፓኞችም እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አላቸው፤ «ቱ» እና «ኡስቴድ» ይሏቸዋል። ለጓደኛ «ተናገር» ሲሉ «አብላ»፣ ለትልቅ ሰው «ይናገሩ» ሲሉ «አብሌ» ነው። «ብላ» ኮሜ፣ «ይብሉ» ደግሞ ኮማ ነው። የመጨረሻዋ ድምፅ ቦታ ተለዋወጠች ማለት ነው። ታዲያ «አብላ» ስትባሉ ምግብ አጉርሱ የተባላችሁ እንዳይመስላችሁ!

በመከልከል ጊዜ እኛ «ተናገር» የነበረውን «አትናገር» ብለን መልኩን እንለውጣለን። እነርሱም «አብላ» የነበረውን «ኖ አብሌስ» ይሉታል። የአክብሮቱ ግን አይለወጥም፤ «አብሌ» በነበረው ላይ «ኖ» ብቻ ይጨመራል፤ «ኖ አብሌ» ይሆናል። እንደ «ቤን» (ና) ያሉት ከደንብ የወጡ አጫጭር ትእዛዞችም የ«ቱ» ናቸው።

ስለዚህ በበኩሌ ተማሪው አስቀድሞ የ«ኡስቴድን» ትእዛዝ ይማር እላለሁ። አክብሮት ያለው እርሱ ነው፤ ለመያዝም የሚቀለው እርሱ ነው።

«በስፓኝ አገር ወጣቱ ሁሉንም ቱ ይላል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ እዚያ ቱ በብዛት ይነገራል። በኮሎምቢያ ግን በቤተሰብ መካከል እንኳ ኡስቴድ የሚባባሉ ብዙዎች ናቸው። አክብሮት ያበዛን ሰው «ግድ የለም፣ አንተ በለኝ» ይሉታል፤ ነገሩ በፈገግታ ያልፋል። አክብሮት ያጎደለውን ግን ማንም አያርመውም፤ ዝም ብለው ይታዘቡታል።

ወላጆች ሆይ፣ ቋንቋውን ባታውቁትም ልታግዙ ትችላላችሁ። ልጃችሁ ማታ ደብተሩን ሲገልጥ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ይህን ቃል ለእኔ ብትናገረው እንዴት ትለዋለህ?»